የተቆረጠው ኅዳግ

የፊተኛዋ በቅሎ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አራት እግሯን ተክላ አልሄድም አለች። ነጂው ለመናት፣ ሰደባት፣ በመጨረሻም በጅራፉ እጀታ ጎኗን ጎሸማት፤ እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ከማንኮራፋት በቀር ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ይመጡ የነበሩት ቃሬዛዎች እርስ በርስ ተላተሙ። ቁስለኞቹ ጮኹ፣ ተሸካሚዎቹ ተሰዳደቡ፣ አቧራውም ሁሉንም እኩል አለበሳቸው።

«ካርታ ማንበብ ስላልተማረች እኮ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው ከቃሬዛው ላይ። «ብትማር ኖሮ መንገዱ ለጥ ያለ መሆኑን አውቃ እየዘፈነች ትወርድ ነበር።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እህቱ ግን አልሳቀችም። የቃሬዛውን ጠርዝ ይዛ፣ የወንድሟ እግር እንዳይወዛወዝ በሌላ እጇ ብርድ ልብሱን ጠቅጥቃ ከጎኑ ትሄድ ነበር። በጦሩ ውስጥ «ሰፊዋ» ነው የሚሏት፤ የመኮንኖቹን ኮት ሁሉ ለክታ የሰፋች እሷ ናትና። ካርታ አንባቢው የመቶ አለቃ ደግሞ ባሏ ነው።

«ተው እንጂ ጋሼ! ይሰማሃል።»

«ይስማኛ! አማቼ አይደል? እሱን ካልነካካሁ ማንን ልነካካ?»

ወንድሟ ጥርስ የማያስከድን ሰው ነበር። ጥይት ጉልበቱን ካደቀቀው በኋላም አልተለወጠም፤ ብቻ በሁለት ቀልድ መካከል ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ ሄዷል። ሰፊዋ ይህን ታያለች። እናታቸው ወንዙን ቀድማ ስትሻገር እጇን ይዛ «ወንድምሽን አደራ» ያለቻት ቃል ደግሞ በየእርምጃው ይሰማታል።

ጦሩ ተሸንፎ ነበር። ይህን የማያውቅ በሰልፉ ውስጥ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልተገኘም። የቀረው ወንዙን መሻገር ብቻ ነው። ማዶው ገና አልተያዘም፤ የሰፊዋ እናትና ትንሿ ልጇ እዚያው ናቸው። መሐንዲሶቹ በወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ ዘርግተዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ራሳቸው ያፈርሱታል። ለጠላት እንዳይተርፍ የተሰጠ ቁርጥ ትእዛዝ ነው፣ ማንም ቢዘገይ አይጠበቅም። ጠላት ደግሞ ቁስለኛ አይማርክም። ባለፈው የተተዉትን ምን እንዳደረጋቸው ያየ አይቷል፣ ያላየም ሰምቷል።

መንገዱ የተመረጠው ያን ዕለት ጠዋት፣ ተራራው አናት ላይ ካለው ሜዳ፣ ሰው ጥሎት በሄደ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ የማባዣ ሠንጠረዥ ነበር። ሻለቃው የመምህሩን ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አስጠግተው ካርታውን አዘረጉ፤ ሰፊዋ ለባሏ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች።

ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው በተራራው ጀርባ ዞሮ የሚወርደው የጋሪ መንገድ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ የጠላት መድፍም ያውቀዋል። ያን የሄደ ግማሹ ይሞታል፣ ግማሹ ግን ከነቃሬዛው ድልድዩ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው መንገድም አይባል፤ ከሜዳው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ረጅም ሸንተረር ነው፤ የጠላት ዓይን አይደርስበትም። ማንም ወርዶበት አያውቅም። ያለው ማስረጃ ካርታው ብቻ ነው።

«በሁለት መስመር መካከል ሃያ ሜትር ነው ከፍታው፣ ጌታዬ» አለ የመቶ አለቃው፣ በእርሳሱ ጫፍ ቡናማዎቹን መስመሮች እየተከተለ። «አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ። ከዚህ እስከ ወንዙ ዳር ብንወርድ ብንወርድ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነው። መስመሮቹ ተራርቀዋል፣ ቃሬዛ ያወርዳል። እዚህ ታች ላይ ብቻ ሁለቱ ይጠጋጋሉ፤ እሱንም እየተጠማዘዝን እናልፈዋለን።»

«የከፍታው ቁጥር የት አለ? መስመሩ ላይ መጻፍ ነበረበት አይደል?»

«ቁጥሩ ያለው መታጠፊያው ላይ ነበር፣ ተልጧል። ለዚህ ነው የቆጠርኩት።»

ሻለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። «እኔን እስከ ዛሬ ያሳሳተኝ ሰው ነው እንጂ ካርታ አይደለም» አሉ። «በሸንተረሩ እንወርዳለን።»

ሰፊዋ ያን ጊዜ ኮራች። መኩራቷን መካድ አይቻልም፤ ካርታውን ካርታ ያደረገችው እሷ ናትና።

የካርታ ቢሮው ወረቀቶቹን ላብና ዝናብ እንዳይቦጫጭቃቸው አቡጀዲ ላይ ያስለጥፍ ነበር፤ ሥራው በባሏ በኩል እየመጣ እሷ ዘንድ ቀረ። አንዲቷ ክፍላቸው ውስጥ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ ትገፋና ጠረጴዛው ላይ እርጥብ አቡጀዲ ትወጥራለች፤ ዙሪያውን በትንንሽ ሚስማር ትመታለች፤ የዱቄት ሙጫ ትቀባለች፤ ወረቀቱንም ከአንድ ጥግ ጀምራ በመዳፏ እየዳበሰች፣ አየሩን እያስወጣች ታስተኛዋለች። ልጇ እንኳ ያን ጊዜ ጠረጴዛ መንካት እንደማይፈቀድ ታውቃለች። ሁለት ወረቀት ሲገጣጠም ዙሪያውን ያለው ነጭ ኅዳግ ይቆረጣል። ሰፊ ሆኖ የተረፈ ጠርዝ የሚወድ የለም። ነገር ግን መቀሱ ከመነሳቱ በፊት ባሏ በግርጌው ኅዳግ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በእርሳስ አቡጀዲው ጀርባ ላይ ይገለብጠዋል፦ ማን እንደቀየሰው፣ መቼ እንደተቀየሰ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ስንት ሜትር እንዳለ። ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁሉም የቀያሹን ልክ ይዞ ይመጣል።

ቢሮው በተለቀቀበት ዕለት ግን ባሏ ግቢው ውስጥ የተረፈውን ወረቀት ሲያቃጥል ዋለ። ለሻለቃው የሚያስፈልጉትን ሁለቱን ወረቀቶች ብቻ ቀደም አድርጎ በሰው ልኮላት ነበር። የምዕራቡ ባሏ ለዓመታት የሠራበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው ነው። የምሥራቁ ከሌላ ቢሮ አዲስ የመጣ ነው። ሰፊዋ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ደክሞ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ አርፎ ሳይበላ ሌሊቱን ሙሉ እርሳስ ይዞ እንዲጎነበስ አልፈለገችም። ቆረጠች፣ ገጠመች፣ ለጠፈች። መጋጠሚያውም ዕድል ሆኖ ከተራራው አናት ሜዳ ላይ ዋለ፤ እዚያ መስመር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሁለቱ አለመመሳሰላቸውን የሚናገር ነገር አልነበረም።

ባሏ ጥላሸት መስሎ ገባ። «መጋጠሚያውን ፈልገህ አግኝ እስቲ» አለችው። ጣቱን እየጎተተ ፈለገ፣ አጣው። ያ ሁሉ ሰሞን ያልታየ ሳቁ ታየ። «እጅሽ ይባረክ» አላት፤ አጣጥፎም ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። ጀርባውን ገልብጦ አላየም። መገልበጥ ነበረበት። ግን ከእሳት የመጣ፣ ሚስቱ ደስ ያሰኘችው ሰው ምን ብሎ ይገለብጠዋል?

የተቆረጠው ወረቀት ደግሞ ወፍራምና ጥሩ ስለነበረ አልጣለችውም። የራሷ ጫማ ሰልፉ እንደተጀመረ ተቀደደ፤ ባሏ አሮጌ ቦቱን ሰጣት። ቦቱ ስለሰፋት ያን ወረቀት እያጠፈች ጫፉና ተረከዙ ሥር ወተፈችው።

እንግዲህ ይወርዳሉ። በቅሎዋም በመጨረሻ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው አስጀመሯት።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ክፉ አልነበረም። ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ግን እግር ይይዛል። ሁለተኛው ባሰ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንዳያጋድሉ የፊተኞቹ ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ የኋለኞቹ በጉልበታቸው ይሄዱ ጀመር። ፀሐይዋ አናት አልፋ ወደ ግራ ስታዘነብል ሸንተረሩ መሃል አንድ ደልዳላ ቦታ ላይ ደረሱና ሻለቃው እረፍት አዘዙ።

ባሏ ከሰልፉ ፊት ወደ እነሱ መጣ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በመጀመሪያ የወንድሟን ግንባር ነካ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ የከፍታ መለኪያዋን አወጣ። ከናስ የተሠራች፣ የኪስ ሰዓት የምታህል ዕቃ ናት። መስታወቷን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ።

«ምን ትላለች?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ተበላሽታለች መሰለኝ። ወንዙ ጋ ደርሰን አልፈናል ትላለች።»

«እንግዲያው ሰምጠናል በለኛ! እኔም ምን ያህል እንደቀዘቀዘኝ።»

ባሏ ፈገግ አለ፣ ግን ዓይኑ ወደ ታች ነበር። ወንዙ ከሥራቸው፣ እጅግ ከሥራቸው፣ ከድርና ማግ እንደ ወጣ ክር ይታያል። ሰፊዋም አየችው። መስመር ሲራራቅ ሜዳ፣ ሲጠጋጋ ገደል መሆኑን እሱ ራሱ አስተምሯታል፤ «እንደ ሽንሽን ቀሚስ ነዋ» ብላ የዚያን ዕለት አስቃዋለች። አሁን ግን ያየችውን ከሰማችው ጋር ማስታረቅ አቃታት።

ተረከዟ ስለተላጠ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱንም ቦት አወለቀች። ውስጡ ያለው ወረቀት በላብ ርሶ ተጨማድዷል። አውጥታ ስታስተካክለው አንዱ ብጣሽ ነፋስ ወሰደው። ባሏ ጎንበስ ብሎ አነሳላት። ሊሰጣት ሲል ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ዋለ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሰፊዋ አየችው፣ ግን ቁስሏን አይቶ የራራ መሰላት።

«ምነው? ያን ያህልም አይደለም፣ መላጥ ብቻ ነው» አለችው።

ወረቀቱን አጥፎ፣ የተጻፈበትን ወደ ውስጥ አድርጎ መዳፏ ላይ አኖረው። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነበር። «በደንብ እሰሪው» አለ። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ መልሳ ወተፈችውና ክሩን አሰረች። እሱ ትንሽ ቆሞ እጇን አየ። ፊቷን አላየም፣ እጇን ነው ያየው። ከዚያ ወደ ሻለቃው ሄደ።

ሻለቃው የተቀመጡት ከእነሱ ብዙም ሳይርቁ ነው። ሁሉም ተሰማ።

«ጌታዬ፣ ስህተት አለ። ስህተቱም የኔ ነው።»

«ምን ዓይነት ስህተት?»

«መስመሮቹን ስቆጥር ዘልያለሁ። የምንወርደው ካልኩት ከእጥፍ በላይ ነው። ታች ላይ የተጠጋጉት ሁለቱ ደግሞ የሚጠማዘዙበት ቁልቁለት አይደሉም። ገደል ናቸው።»

ሻለቃው ወዲያው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «አንተ?» አሉ በዝግታ። «የኮትህን ቁልፍ የምትቆጥር ሰው፣ አንተ መስመር ትዘላለህ?»

«ዘለልኩ፣ ጌታዬ።»

«እንመለስ እንግዲያ።»

ይህን ሲሉ ከላይ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ትምህርት ቤቱ ካለበት ሜዳ ጥቁር ጭስ ተነሳ። ከኋላ የቀሩት ጠባቂዎች እየተንሸራተቱ ሲወርዱ ታዩ፤ ጠላት ሜዳውን መያዙን እነሱን መጠየቅ አላስፈለገም። ሻለቃው ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወደ ታች በእጃቸው አመለከቱ። ሰልፉ ተነሳ። ወደሚያውቁት ገደል፣ ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው፣ ወረዱ።

ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ከጠላት ይልቅ፣ ከገደሉም ይልቅ ባሏ ላይ ጨሰች። ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ ከቦታው ቢጠፋ የሚያውቅ ሰው፣ የጋሼ ሕይወት የተንጠለጠለበትን መስመር እንዴት ይዘላል? እንቅልፍ ወስዶት ነበር? ለሻለቃው ቶሎ መልስ ለመስጠት ቸኩሎ ነው? የጋሪውን መንገድ ቢሄዱ ኖሮ ግማሹ ይተርፍ ነበር፤ ጋሼ ከሚተርፉት መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፣ ግን ዕድል ነበረው። ይህን ዕድል ባሏ በእርሳስ ጫፍ ቀማው። እንዲህ እያሰበች፣ ቃሬዛውን ይዛ ወረደች።

ሃምሳ አለቃው አልቀለደም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ገልጦ «አትቆጪው» አላት።

ገደሉ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ በግራ ካለው ተራራ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታ ነበር። ድልድዩ ከታች ይታያል፤ የመሐንዲሶቹ ሸሚዝ ሳይቀር ይለያል። በመካከላቸው ያለው ግን ልሙጥ አለት ነው፤ እወገቡ ላይ አንድ ጠባብ እርከን አለ፣ ሰው ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ከሚቆምበት አይበልጥም። የበቅሎዎቹን ጭነት ፈትተው ገመዱን ሁሉ ቀጣጠሉ። በመጀመሪያ የጥይት ሣጥን፣ ድንጋይ ሞልተው፣ የአንድ ሰው ክብደት አድርገው አወረዱ። ሣጥኑ እየዞረ አለቱን ሲመታ፣ ሲመታ፣ እርከኑ ጋ ሳይደርስ ተበታተነ።

ሻለቃው የሣጥኑን ስባሪ ሲወድቅ እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ዞሩ። «በእጁ ገመድ መያዝ የሚችል ይወርዳል» አሉ። «ቃሬዛ አይወርድም።»

ከቃሬዛዎቹ አንዱ ላይ ያለ ሰው ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላው «ዝም በል» አለው፣ እሱም ዝም አለ።

«ከቁስለኞቹ ጋር አንድ መኮንን ይቀራል» አሉ ሻለቃው፣ ማንንም ሳያዩ።

«እኔ እቀራለሁ፣ ጌታዬ» አለ የመቶ አለቃው። ይህን ለማለት ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር፤ ማኅደሩን ከትከሻው አውርዶ ይዞታል። ካርታውን አወጣ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ገለበጠው፣ ከእርሳሱም ጋር ጥቂት ታገለና አቡጀዲው ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አጣጥፎ ለሻለቃው ሰጣቸው። «ለሚቀጥለው አንባቢ ነው» አለ።

ሻለቃው ካርታውን ሳያዩ ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት። ሽጉጣቸውን አውጥተው ሰጡት። «ይቅር አልልህም» አሉት።

«አልጠይቅዎትም፣ ጌታዬ።»

ሰፊዋ የወንድሟን ቃሬዛ አልለቅም ብላ ተንበርክካለች። «እኔም እቀራለሁ» አለች። «እማዬ አደራ ብላኛለች፤ ጥዬህ የትም አልሄድም።»

«እማዬ አርጅታለች» አለ ሃምሳ አለቃው። ድምፁ ደክሟል። «ልጅሽን ማን ያሳድጋታል? እሷ ጋ ነው አደራው። ሂጂ።»

«ጋሼ...»

«ከቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ፣ አይደለም እንዴ? አዝዤሻለሁ። ደግሞ ብቻዬን አልቀር፣ አማቼ አለ። እሱን እየነካካሁ እቆያለሁ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጉንጯን በእጁ ጀርባ ነካና ፊቱን ወደ አለቱ አዞረ።

ስትነሳ ባሏ ፊቷ ቆሟል። ገመዱን ወገቧ ላይ ሊያስር ነበር የመጣው። እጁ ሲነካት ገፈተረችው።

«ገደልከው» አለችው። ጮክ ብላ አይደለም። «አንተ ነህ የገደልከው። መቁጠር አቅቶህ።»

ባሏ አንገቱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ።

ክርክር ጠብቃ ነበር። ቢከራከራት፣ ቢለምናት፣ ቢያንስ ቢያለቅስ። «አዎ» ብቻ! ገመዱን አሰረላት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበ፤ ከዚያ እግሯ ሥር ተንበረከከ። የቀኝ ቦቷን ክር ፈታ፣ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ወረቀት መዘዘ፣ ሳያየው ኪሱ ውስጥ ከተተና መልሶ አሰረው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ይቆረቁርሻል። ግራሽንም አምጪው።»

«አትንካኝ!» እግሯን ነጠቀችው። ክሩን የያዘው ጣቱ አየር ላይ ቀረ። «አትንካኝ አልኩህ እኮ!»

«እባክሽ» አለ። «ግራውን ብቻ።»

ባል ሚስቱን እንዲህ ሲለምን ሰዎቹ ዞር አሉ። ሰፊዋ ግን ልመናው ይቅርታ የሚጠይቅበት መንገድ መሰላት፤ ይቅርታ ደግሞ አልነበራትም። ሻለቃው «ፀሐይዋን አላያችሁም እንዴ!» ብለው ጮኹ። ገመዱ ተወጠረ፤ ወደ ኋላ እየተራመደች ከጫፉ ወረደች። መጨረሻ ያየችው እንደተንበረከከ ነው። እሷም ልጃችንን ምን ልበላት አላለችም፣ እሱም ምንም አላለም።

አለቱ ጉልበቷን ላጠው። እርከኑ ላይ ተቀበሏት፣ እንደገና አወረዷት። መሬት ስትረግጥ ገመዱን ከወገቧ ለመፍታት ተቀመጠች። ከእሷ በኋላ ጥቂቶች ወረዱ፤ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሻለቃው ነበሩ። ከዚያ ገመዱ ከላይ ተቆረጠና እየተጠቀለለ አጠገባቸው ወደቀ። ጠላት እንዳይወርድበት ባሏ ነው የቆረጠው።

«ተነሱ! ተነሱ! ልናፈርሰው ነው!» ከድልድዩ መሐንዲሶቹ ይጣራሉ። እንጨቱን የሚፈነቅሉበትን መሎጊያ ይዘው ቆመዋል። የቻለ ይሮጣል። ሰፊዋም ተነስታ ሮጠች፤ የቀኝ ቦቷ ግን ወረቀቱ ስለወጣ እየሰፋ ያደናቅፋት ጀመር። ድልድዩ ጫፍ ላይ ወደቀች። ከግራው ግማሹን ወደ ቀኙ ላድርግ ብላ ተቀምጣ ግራውን አወለቀች። እጇን ሰደደች፤ ተረከዙ ጋ የነበረውን ብጣሽ ሳበች።

የተጻፈበት ወደ ውስጥ ተደርጎ የታጠፈ ነበር። እንዲህ አጥፎ የሰጣት እሱ ነው።

ዘረጋችው። ፀሐይዋ ጠርዟ ብቻ ቀርቷል፣ ግን ለማንበብ በቂ ነበር። የምሥራቁ ወረቀት ግርጌ ነው። የቀያሹ ቢሮ ስም አለ፣ ከሥሩም በትንንሽ ፊደል፦ *በሁለት መስመር መካከል ያለው ከፍታ፣ ሃምሳ ሜትር።*

ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ባሏ አልዘለለም። አንድም መስመር አልዘለለም። መስመሮቹን በትክክል ቆጥሯል፤ ሃያው እሱ የለመደው የምዕራቡ ወረቀት ልክ ነው፤ የወረዱበት የምሥራቁ ሃምሳ መሆኑን የሚናገረው ቃል ግን በእሷ መቀስ ተቆርጦ፣ በእሷ ተረከዝ ሥር ተረግጦ፣ ከእነሱ ጋር ተራራውን ወርዷል። እሱም ይህን መንገድ ላይ አውቆ፣ ጥፋቱን ተሸክሞ፣ ስድቧን ተቀብሎ፣ ተንበርክኮ ማስረጃውን ሊያጠፋ ለመናት። እሷ ደግሞ እግሯን ነጠቀችው። ካርታው ጀርባ ላይ የጻፈውም ይኸው ቁጥር መሆኑን ሳታየው አወቀች።

ቀና አለች። ገደሉን ጫፍ ጭስ ይዞታል፤ ሰው አይለይም። ስሙን ጠራች። አፏን ከፍታ በሙሉ ድምፅዋ ጠራችው፣ ወንዙ ግን ይበልጥ ይጮህ ነበር። ከላይ አንድ የሽጉጥ ተኩስ ተሰማ፤ ጥቂት ቆየና ሌላ፤ ከዚያ ብዙ ጠመንጃ አንድ ላይ።

«ሴትዮ!» አለ መሐንዲሱ፣ ክንዷን ይዞ። «ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?»

ማዶ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ዳሩ ላይ ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ አሮጊት እጇን ታውለበልባለች፤ ከጎኗ ያለችው ትንሽ ልጅ ደግሞ የሚመጡትን በጣቷ እየቆጠረች ነው።

ሰፊዋ እጆቿን አየች። ከዚያ ወረቀቱን እሱ እንዳጠፈው አድርጋ አጠፈችው፣ ተረከዟ ሥር መለሰችው፤ ቦቱ ያለእሱ አይሆናትም ነበርና። ክሩን አሰረች። ድልድዩን ተሻገረች።